ከወልቂጤ የጠፋው ዲስክ

«ኢዮብ የኮምፒዩተር አንጎል ሰርቆ ታሰረ አሉ!»

ወሬውን ያመጣችው ቡታጅራ በርበሬ ተራ ከዘይባ ጎን የምትቀመጠው ጎረቤቷ ናት። እሷ ደግሞ ከወልቂጤ በመጣ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማች። ሁለቱ ሰዎች ከማን እንደሰሙ እነሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። ዘይባ ወሬ ሲመጣ እስኪበርድ አትጠብቅም። በርበሬዋን በጆንያ ከደነችና ሻርፗን አጥብቃ ወደ ጓደኛዋ ወደ ሃሊማ ማሳ ገሰገሰች።

«ሃሊማዬ፣ መሬትሽን ከማሽን ሆድ ያወጣልሻል የተባለው ልጅ ታሰረ። ዲስኩም የለም አሉ።»

«የትኛው ዲስክ?»

«ስንት ዲስክ አለሽ አንቺ?»

ሃሊማ የያዘችውን መኮትኮቻ ከእጇ ጣለችው። «ወላሂ አለቀልኝ» አለች፣ እዚያው በርበሬው መሃል ቁጭ ብላ።

አለቀልኝ ማለቷ እውነቷን ነው። ያን ማሳ ባሏ ሀያቱ ነው ትቶላት የሞተው። ቡታጅራ ከተማ እንደ ሊጥ እየኮመጠጠች፣ እያበጠች መጣችና ማሳው ጫፍ ደረሰች። የመሬቱ ወረቀት የዛሬ ሦስት ዓመት ቤቷ ሲቃጠል አብሮ ነደደ። የመሬት ኮሚቴ የሚባሉት፣ ከወልቂጤ በመኪና እየመጡ ጫማቸውን አቧራ እንዳይነካው የሚዘሉት፣ «ማስረጃ ካላመጣሽ ባዶ መሬት ነው፤ ይሸነሸናል» አሏት። የመጨረሻው ቀን ከመስቀል ቀጥሎ ባለው ሳምንት፣ ሐሙስ ነው።

ማስረጃው ግን ነበር። ደርግ ሊወድቅ ዓመታት ሲቀሩት አንድ የፈረንጅ ፕሮጀክት መጥቶ ቡታጅራ ያለችበትን የመስቃንን ማሳ እያንዳንዱን ለክቶ፣ በባለቤቱ ስም ትልቅ ወርክስቴሽን ኮምፒዩተር ውስጥ ከትቶት ነበር። ፈረንጆቹ ሲሄዱ ማሽኑን ጥለውት ሄዱ። ማሽኑም ከመስሪያ ቤት ወደ መስሪያ ቤት ሲንከራተት፣ ሲሰደብ፣ አበባ ሲቀመጥበት ከርሞ ወልቂጤ ገባ። ልኬቱ ያለው ከማሽኑ ውጪ፣ በብረት ሳጥን ውስጥ በተቀመጠ ዲስክ ላይ ነው። የዛሬው ዓይነት ኪስ የሚገባ እንዳይመስላችሁ። የወፍጮ መጅ ያህል ይከብዳል፤ ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው ኬብልም ሃምሳ ቀጫጭን የብረት እግር አለው።

ይህን የሚያውቅ በዞኑ ሁሉ አንድ ሰው ተገኘ፦ ቡታጅራ ላይ ትንሽ የጥገና ሱቅ ያለው ኢዮብ። ሃሊማ በስንት ማመልከቻ፣ በስንት ደጅ ጥናት «ኢዮብ ዲስኩን ያገናኝልኝ» ብላ አስፈቀደች። ከመስቀል በፊት ባለው ሐሙስ ጀመረ። ከዚያ መስቀል መጣና መስሪያ ቤቱ ተዘጋ።

*

ስሙ ይቆየንና ያ መስሪያ ቤት ሲከፈት ሰኞ ነው። ሰራተኛው በዓሉን ሙሉ ክትፎ ሲውጥ ከርሞ፣ ፊቱ ተነፍቶ፣ አስር ሰዓት የሆነ እየመሰለው ጠዋት ላይ ሲያዛጋ፣ የማሽኑ ክፍል ተከፈተ። ማሽኑ አለ። ኬብሉ ጠረጴዛው ላይ እንደ ሞተ እባብ ተጋድሟል። ዲስኩ የለም።

ኢንስፔክተር አስረስ መጣ። ጎጃሜ ነው፤ ወልቂጤ አራት ዓመት ኖሯል፤ አላገባም፤ ጨጓራም ያመዋል። «ሰው ሁለት ዓይነት ነው» ይል ነበር፤ «የሚዋሽና ገና ያልተጠየቀ።»

ክፍሉን አየ። መስኮቱ ባለ ፍርግርግ ነው፣ አልተነካም። ቁልፉ አልተሰበረም። ጥግ ላይ ከነካርቶኑ የተቀመጠ አዲስ ቴሌቪዥን አለ። አስረስ ካርቶኑን በእግሩ ነካ አደረገው።

«ሌባው ይህን ትቶ ያን አሮጌ ብረት ወሰደ?»

«እንግዲህ ከመልካም አስተዳደር አንጻር ስናየው…» አለ የመስሪያ ቤቱ ሃላፊ። የመሬት ኮሚቴውም ሰብሳቢ እሱ ነው። ለግምገማ የተወለደ ሰው ነው፤ «ደህና አደርክ» ለማለት እንኳ ሦስት ነጥብ ይዘረዝራል።

«ቁልፍ ስንት ነው?»

«ሦስት። አንዱ የኔ ነው፤ ካዝና ውስጥ ታሽጎ ነው የሰነበተው። አንዱ አቶ ተረፈ ጋ፤ አንዱ ደግሞ ለዚያ ለጠጋኙ ተሰጥቶ ነበር።»

አቶ ተረፈ የመስሪያ ቤቱ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። ክራባት አለው። ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀሉ አራት ሰርተፊኬቶች አሉት፤ እንግዳ ሲገባ አንገቱን ወደ እነሱ ዘወር ያደርጋል፣ እንግዳውም አብሮ እንዲያይ። ከአራቱ አንዱ በደም ልገሳ የተሰጠው ነው፤ እሱንም ሰቅሎታል።

«ነገሩ ግልጽ ነው ኢንስፔክተር» አለ ተረፈ። «ዲስኩ ባዶ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት፣ ለመስቀል ወደ እናቴ ከመሄዴ በፊት፣ እኔ ራሴ ማሽኑን አስነስቼ፣ ዲስኩን ከፍቼ አየሁት። የማንም ማሳ የለበትም። ጠጋኙ እነካካለሁ ብሎ አጥፍቶታል። ሲያፍር ጊዜ ሰረቀው።»

«ባዶ ከሆነ ለምን ቅዳሜውኑ አልተናገርክም?»

«በዓል ነዋ! ማን ይሰማኛል? ደግሞ አስበው። በመስቀል ጉራጌ ሁሉ ወደ አገሩ ይገባል፤ ከተማ ውስጥ ውሻ አይቀርም። ኢዮብ ግን ጴንጤ ነው፤ ደመራ አይሄድም። ሰው ሁሉ ሲሄድ ቀርቶ የሚሰርቅ ማን ይመስልሃል?»

አስረስ ይህን ሲሰማ ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ተረፈን ከመጀመሪያው አልወደደውም፤ ነገር ግን የሚጠላው ሰው ሁሉ ሌባ ቢሆን ኖሮ ወልቂጤ እስር ቤት ባልበቃት።

*

ኢዮብ የተያዘው ሲሸሽ አይደለም። ሰኞ ጠዋት በገዛ እግሩ፣ የእቃ ቦርሳውን ይዞ፣ «ስራዬን ልጨርስ» ብሎ በር ላይ ሲደርስ ፖሊሶቹ ዘለው ያዙት። ኪሱን ሲፈትሹ የአውራ ጣት የምታህል፣ ባለ እግር የፕላስቲክ ቁራጭ አገኙ። ተረፈ አይቶ «የማሽኑ ዕቃ ነው!» ብሎ ጮኸ። በቃ። ፖሊሱ መዝገብ ላይ «አንድ ምንነቱ ያልታወቀ የተሰረቀ ዕቃ» ብሎ ጻፈ። ምንነቱን ሳያውቅ መሰረቁን አወቀ፤ ጉድ እኮ ነው።

አስረስ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ልጁ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፤ ጣቶቹ በብየዳ የተጠበሱ ናቸው።

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ቡታጅራ። የቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርድ ተበላሽቶ ስጠግን ነው የዋልኩት።»

«ማን አየህ?»

«መዘምራኑ በሙሉ።»

«ወንድሞችህ ናቸው፤ ይመሰክሩልሃል።»

«ለእውነት መመስከር ኃጢአት ሆነ እንዴ?»

አስረስ ፕላስቲኳን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። «ይቺስ?»

«ቡሽ ነው የምንለው። የኬብሉ ጫፍ ላይ የሚሰካ ነው። ስራ ሳልጨርስ ስሄድ ሁልጊዜ ነቅዬ በኪሴ ነው የምይዘው። ካሳሁን የሚባል ራዲዮ ሰሪ ነው ያስተማረኝ። አሮጌ ዲስክ የታመመ ሽማግሌ ማለት ነው፤ ስንት ጊዜ ከአልጋው እንደሚነሳ አይታወቅም። እጁን ያላሰለጠነ ሰው እንዳይቀሰቅሰው ቡሹን ይዘህ ሂድ ይለኝ ነበር። እኔም ሐሙስ ስወጣ—»

«ኢንስፔክተር! ሃላፊው ስልክ ላይ ናቸው» አለ ፖሊሱ በሩን ከፍቶ።

አስረስ ተነሳ። ቡሽ፣ ሽማግሌ፣ ራዲዮ ሰሪ፤ ምን አገባው። ጆሮው የሚሰማው ዲስኩ የት እንዳለ ብቻ ነበር። ልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጨርስ ቢተወው ሁለት ቀን ባልተንገላታ። ግን ጆሮ ያለው ፖሊስ ከየት ይመጣል?

*

ማክሰኞ ቡታጅራ ወረደ። አሮጌ ብረት የሚገዛ ሙሀመድሰይድ የሚባል ቆራሌ ቅዳሜ ዕለት የኮምፒዩተር ሳጥን ገዝቷል የሚል ጥቆማ ደርሶት ነበር። ግቢው የተሰበረ ማረሻ፣ የሞተ ሞተር፣ ጎማ የሌለው ጋሪ ተከምሮበታል። በዚያ መሃል፣ በርጩማ ላይ፣ ልክ እንደተነገረው ዓይነት የብረት ሳጥን ጉብ ብሏል።

አስረስ ሮጦ ሳጥኑ ላይ እጁን ጫነ። «ከማን ገዛኸው?»

«አሰላሙ አለይኩም ይባላል መጀመሪያ» አለ ሙሀመድሰይድ።

«ከማን ገዛኸው አልኩህ!»

«ተረጋጋ የኔ ወንድም። ከአንድ ትምህርት ቤት ነው የገዛሁት፤ ደረሰኙ ይኸውልህ፤ ማህተሙንም እይ። ፈረንጆቹ ሁለት ነበር ያመጡት። ይህ ሌላኛው ነው፤ ምንም የለበትም።»

ማህተሙ እውነተኛ ነበር። አስረስ ሳጥኑን በእግሩ ሊመታ ሲል ከኋላው የሴት ድምፅ መጣ።

«ምታው! ምታው! ሌባውን አልያዝክ፣ ብረቱን ምታ!»

ዘይባ ናት። ሃሊማን በክንዷ ይዛ መጥታለች፤ ፖሊስ ቡታጅራ መግባቱን ከፖሊሱ በፊት ነው የሰማችው።

«አንቺ ማነሽ?»

«የዚች ጓደኛ ነኝ። ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ መሬቷን የሚቀሟት የዚች። አንተስ ማነህ? ቆራሌ?»

«ዘይባ፣ ተዪው እባክሽ» አለች ሃሊማ ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ አስረስ ዞረች። «ልጄ፣ ያ ማሳ ከሄደ እኔ የት እገባለሁ? አርጅቼ ሰው ቤት በርበሬ ልቀንጥስ? ልጁ ሌባ አይደለም። ዲስኩን አብሮኝ ሲፈልግ የከረመ ልጅ ነው።»

«ማስረጃ ነው የምፈልገው እናቴ፤ ለቅሶ አይደለም።»

«ማስረጃ?» አለች ዘይባ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የቆጠረ ጎረቤት ግን አለኝ። የሃሊማ መሬት ተሸንሽኖ ቦታ የሚደርሳቸው ሰዎች ስም ዝርዝር ተለጥፏል። ገና ሳትታረድ ቆዳዋ ላይ ዕጣ አወጡ! ስድስተኛው ላይ ማን አለ መሰለህ? ያ ባለ ክራባቱ፣ የወልቂጤው ተረፈ።»

አስረስ ማስታወሻውን ገለጠ። ዝርዝር ላይ መግባት ስርቆት አይደለም፤ ዝርዝር ላይ ያልገባ ሰራተኛ ካለ እሱ ነው የሚያስጠረጥረው። ቢሆንም ስሙን አሰመረበት።

ሙሀመድሰይድ ሳጥኑን በጨርቅ ይወለውል ጀመር። «ይህን እንኳ ለኢዮብ ልሸጥለት ወስጄው ነበር። ዲስኩ ደህና ነው ግን ቡሽ የለውም አለኝ። ያለ ቡሽ ማሽኑ ደንቆሮ ነው አለ። እሱ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ ቡታጅራም ወልቂጤም ፈልጎ አጥቷል።»

ሊወጣ በር ላይ የደረሰው አስረስ እንደ ተቸነከረ ቆመ።

«ምን አልክ? ያለ ቡሽ ምን?»

«ደንቆሮ። አይሰማም። ዲስኩን አያየውም ማለቱ ነው።»

«ይህን ሳጥን ለሁለት ቀን አውሰኝ።»

«አሁን ደግሞ እባክህ ይባላል» አለ ሙሀመድሰይድ።

አስረስ ከአራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ «እባክህ» አለ።

*

ረቡዕ ጠዋት የማሽኑ ክፍል ሞላ። ሃላፊው አለ፣ ተረፈ አለ፣ ሁለት ፖሊሶች ኢዮብን መሃል አድርገው ቆመዋል። አስረስ የሙሀመድሰይድን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አቶ ተረፈ፣ ይህ የዚያኛው መንትያ ነው። ቅዳሜ እንዳደረግከው አድርገህ ክፈትልን።»

«ለምን?»

«ባለሙያ ስለሆንክ።»

ተረፈ አንገቱን ወደ ግድግዳው ዘወር ለማድረግ ሞከረ፤ ሰርተፊኬቶቹ ግን ሌላ ክፍል ናቸው። ኬብሉን ሰካ። ማሽኑን አስነሳ። ማሽኑ እንደ አሮጌ ላንድሮቨር አጓርቶ ተነሳ። ተረፈ ቁልፎቹን መታ፣ መታ። ማሽኑ «ምንም ዲስክ የለም» የሚል ጽሑፍ አወጣ። አጥፍቶ አስነሳ። የለም። ነቅሎ ሰካ። የለም። ላቡ ክራባቱ ላይ ወረደ።

«የቆራሌ ዕቃ ነው! የሞተ ነው!»

«ኢዮብ» አለ አስረስ፤ «ሰኞ ያቋረጥኩህን ጨርስልኝ። ቡሹ ምን ያደርጋል?»

ኢዮብ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማሽኑ በኬብሉ ቃል ይልካል። ጫፉ ክፍት ከሆነ ቃሉ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ ይመጣና ከሚቀጥለው ቃል ጋር ይጋጫል። ሁሉም ይንጫጫል፣ ማንም አይሰማም። ቡሹ ጫፉ ላይ ሲገባ ማሚቶው ይቆማል። ያኔ ማሽኑ ዲስኩን ይሰማዋል።»

አስረስ ከመዝገብ ቤት ያስወጣትን ያቺን «ምንነቷ ያልታወቀ» ፕላስቲክ ሰጠው። ኢዮብ ከሳጥኑ ኋላ ሰካት፤ ማሽኑን አስነሳ። ወዲያው የዲስኩ ስም፣ ልክ፣ የተሰራበት ዓመት ተዘርዝሮ መጣ።

«የሞተው ተነሳ» አለ አንዱ ፖሊስ።

«ይቺ ቡሽ» አለ አስረስ ተረፈ ላይ ዓይኑን ተክሎ፤ «ከሐሙስ ጀምሮ ኢዮብ ኪስ ውስጥ፣ ቡታጅራ ነበረች። አንተ ቅዳሜ ከፍተህ ያየኸው ዲስክ የትኛው ነው?»

ተረፈ ከንፈሩን ላሰ። «ምናልባት… ተሳስቼ ይሆናል። በዓል ነበር፣ ተቻኩዬ ነበር። አየሁ ያልኩት ላለማፈር ነው። መዋሸትና መስረቅ አንድ አይደለም! ቅዳሜ በአምስት ሰዓት ሰፈሬ ገብቻለሁ። አገር ይመሰክርልኛል።»

«ይመስክራ» አለ አስረስ።

*

የተረፈ እናት ወይዘሮ ወለተ ሐና ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር ነው የሚኖሩት። በሳር ክዳኑ ቤቶች ፊት ለፊት ጆፎሮው ተንጣሏል፤ ያ ሰው ሁሉ የሚሰበሰብበት ሰፊ አረንጓዴ መስክ። ከቤቱ ኋላ እንሰቱ እንደ ወታደር ተሰልፏል። ሴትየዋ እንግዳ ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ልጃቸውን የሚያሙለት ሰው አግኝተዋልና።

«እናቴ፣ ልጅዎ ተረፈ ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የገባው?»

«ሰዓት? ሰዓቱን ተወው ልጄ። ምን ይዞ እንደገባ አትጠይቀኝም?»

አስረስ እስክሪብቶውን አነሳ። «ምን ይዞ ገባ?»

«አንተ የዚህ አገር ሰው አይደለህም። እዚህ ለመስቀል የሚገባ ልጅ መጀመሪያ የሚታየው ፊቱ አይደለም፣ እጁ ነው። ጎረቤት ሁሉ ጆፎሮ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የዚህኛው ልጅ ብርድ ልብስ፣ የዚያኛው ልጅ ለእናቱ ጫማና ካፖርት። የኔ ዲፕሎማ ያለው ደግሞ ወገቡ እስኪጎብጥ በማዳበሪያ ተሸክሞ ሲመጣ፣ እኔ ልቤ ጠፋ! "ምን ይዘህ መጣህ ተረፈ?" አሉት። ቀላ፣ ጠቆረ። "ለእናቴ ነው" አለ። ከፈቱት። ብረት!»

«ብረት?»

«ብረት! ሽቦ የተንጠለጠለበት ብረት። ሰው ሳቀ። እስካሁን ይስቃል። አልጋ ስር አስቀምጪው፣ እንዳትነኪው አለኝ። አልጋ ስር የሚቀመጥ ስጦታ ምን ዓይነት ነው? ካመጣህ አይቀር ይስራ ብዬ ስራ ሰጠሁት።»

«ምን ስራ?»

ሴትየዋ በኩራት ወደ እንሰቱ መሃል መሩት። ቆጮው የተቀበረበት ጉድጓድ በኮባ ቅጠል ተሸፍኗል፤ ቅጠሉ ላይ እንደ ደንቡ ድንጋዮች ተጭነውበታል። ከድንጋዮቹ መሃል፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የፈረንጅ ስም የተጻፈበት የብረት ሳጥን እንደ ሹም ተቀምጧል።

«ከድንጋይ ይሻላል» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሐና። «እውነቱን ለመናገር ሁሉንም ወገን እኩል ነው የሚጫነው።»

አስረስ እዚያው እንሰቱ ስር ሳቀ። አብሮት የመጣው ፖሊስ ኢንስፔክተሩ ሲስቅ አይቶ ስለማያውቅ ታመመ ብሎ ደነገጠ።

ተረፈ ማምሻውን አመነ። ዲስኩን ዋቤ ወንዝ ሊጥለው ነበር ሐሳቡ። ነገር ግን ሚኒባሱ በሰፈሩ ሰዎች ጢም ብሎ ሞልቷል፤ «ምንድነው? ምንድነው?» እያሉ ማዳበሪያውን ሲዳብሱት ነው የሄዱት። ድልድዩ ላይ «ውረድልኝ፣ የእናቴን ስጦታ ወንዝ ልጣል» አይባል ነገር። አራት ሰርተፊኬት ያለው ሰው፣ አገር ሁሉ የሰውን እጅ በሚያይበት በዓመቱ አንድ ሳምንት፣ የሰረቀውን ተሸክሞ አገሩ ገባ። ይህን ያህል ጅልነት ያለ ትምህርት አይገኝም።

*

ሐሙስ። ኮሚቴው አምስት ሆኖ ተቀምጧል። ሃላፊው መሃል። ሃሊማ ጥግ ላይ፣ እጇን እጇ ላይ አድርጋ፤ ዘይባ አጠገቧ። አስረስ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ክፍሉ በሙሉ ቆጮ ቆጮ ይላል።

ኢዮብ ሁለቱን ሳጥን ጎን ለጎን አደረገ። «የሽማግሌውን ሐሳብ ወደዚህኛው እገለብጣለሁ፤ ምናልባት ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል» አለ። ከኋላቸው ያለውን ትንሽ ቁጥር አየና የአንዱን ቀየረ፤ አንድ ቁጥር ከያዙ ሲጠሩ ሁለቱም በአንዴ ‹አቤት› ስለሚሉ። ኬብሉን ከማሽኑ ወደ አንዱ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ቀጠለ። በመጨረሻው ጫፍ ቡሹን ሰካ። አስነሳ።

የሙሀመድሰይድ ዲስክ ዞረ። የቆጮው ዲስክ ጠቅ አለ፣ ዝም አለ።

ኢዮብ አጥፍቶ አስነሳ። ጠቅ፣ ዝም።

«ሞቷል» አለ ሃላፊው፣ ደስታውን በጉንጩ ይዞ። «እንግዲህ ከጊዜ አጠቃቀም አንጻር…»

«ይጠብቁ» አለ ኢዮብ።

ዲስኩን ከሳጥኑ አወጣው። «ውስጡ ያለው ዘይት በብርድ ረግቶ ይሆናል» ብሎ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ውስጥ አስቀመጠው። ሩብ ሰዓት ያህል ሄደ፤ ከኮሚቴው ሁለቱ ጥርሳቸውን ሲፍቁ ሃሊማ ዓይኗን ከዲስኩ ላይ አልነቀለችም። ከዚያ ኢዮብ ከነኬብሉ መዳፉ ላይ አጋድሞ ያዘው፤ ለአስረስ «አብራልኝ» አለው። አስረስ አበራ። በዚያው ቅጽበት ኢዮብ ክንዱን ሳያንቀሳቅስ በአንጓው ብቻ ዲስኩን አንዴ፣ እንቅልፍ የወሰደውን ሰው ትከሻ እንደሚነቀንቁ፣ ነቀነቀው።

ዲስኩ አቃሰተ። ፉጨት ጀመረ። ፉጨቱ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጸና።

«ተነሳ» አለ ኢዮብ በሹክሹክታ። ላቡን አልጠረገም፤ መጀመሪያ መገልበጥ ነበረበት።

አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሲያልቅ ስሞቹ በፈረንጅ ፊደል መውረድ ጀመሩ። ኢዮብ በጣቱ ተከተላቸው፣ ተከተላቸው፣ ቆመ።

«ሀያቱ» ብሎ አነበበ። «መስቃን። ማሳ ቁጥር ሁለት መቶ አስራ አራት። ሁለት ሄክታር ከሩብ። በምስራቅ ጅረት፣ በምዕራብ የጋሪ መንገድ።»

«ጅረቱ አለ» አለች ሃሊማ። «የጋሪ መንገዱም አለ። አልሃምዱሊላህ፣ ሁሉም እዚያው አለ።»

የኮሚቴው አባላት ሃላፊውን አዩ። እሱ ክራባት አላሰረም እንጂ ከተረፈ ብዙም አይርቅም ነበር። ወረቀቱን አስተካከለ፣ ሳለ፣ ፈገግ አለ።

«መቼም ጥረቱ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ጓዶች፣ በሰከነ መንፈስ እንየው። ይህ በደርግ ጊዜ የተሰራ፣ ዘመን ያለፈበት፣ የማይረባ ብረት ነው። ለዚያውም ቆጮ ሲጫን የሰነበተ! እንዲህ ያለ ነገር ላይ ተመስርተን የመሬት ውሳኔ ብንሰጥ መሳቂያ አንሆንም ወይ?»

ከአባላቱ አንዱ ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛው ተከተለው። ሃሊማ የሻርፗን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። ኢዮብ አፉን ከፈተ፤ አስረስም ከበሩ ተላቀቀ።

ዘይባ ቀደመቻቸው። አልተነሳችም፤ ድምጿንም ከፍ አላደረገችም።

«ጌታው፣ የማይረባ ብረት ከሆነማ፣ ባለ አራት ሰርተፊኬቱ ባለሙያዎ እስኪጎብጥ ተሸክሞት የሄደው ለምንድነው?»

ራሱን ይነቀንቅ የነበረው ሰውዬ አንገቱ ባለበት ቀረ። ከዚያ በኋላ በክፍሉ ውስጥ የተሰማው የሃላፊው እስክሪብቶ ነው፤ በሃሊማ ወረቀት ላይ ሲፈርም።